ምስክር ያለው ትምህርት፣ ምስክር የሌለው ጥበብ
የአብነት ትምህርት ቤት የትምህርት ዓይነቶች፣ ፈተናው እና ስውሩ የአስማት ትምህርት

(በሾኔ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ)



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ይልቅ ለልጆች መጽሐፍ የሚስማማ ይመስላል። ስለ አስማት ትምህርት ቤት ልናገር ነው። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ወጣቶች ብዙዎቻችሁ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የፈጠረችውን ሆግዋርትስ የተባለ ትምህርት ቤት በመጽሐፍ ባታነቡት እንኳ በፊልም አይታችሁታል። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ አንባቢን የማረከው ዘንዶውና በአየር ላይ የሚበረው መጥረጊያ ብቻ አይመስለኝም። ደራሲዋ ለአስማት የትምህርት መርሐ ግብር አወጣችለት። መድኃኒት መቀመም፣ የዕፀዋት ጥናት፣ የከዋክብት ጥናት፣ ጥንቆላ፣ የአስማት ታሪክ ብላ በክፍለ ጊዜ መደበችው። ሰባት ዓመት የሚፈጀው ትምህርት በአምስተኛውና በሰባተኛው ዓመት ከውጭ በሚመጡ ፈታኞች ይመዘናል፤ ፈተናው በጽሑፍም በተግባርም ነው። ተማሪው እንዳይኮርጅ በብዕሩ ላይ ሳይቀር ድግምት ይደገማል። ይህን የመጨረሻውን የሰሙ የፈተና አስፈጻሚዎቻችን ሳይቀኑ የሚቀሩ አይመስለኝም።

በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ለእኛ ታሪክ እጅግ እንግዳ የሚሆነው የትኛው ነው? አስማቱ እንግዳችን አይደለም። በሀገራችን አስማትን የሚያስተምሩና የሚማሩ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል፤ መጻሕፍታቸውም በእጃችን አለ። የትምህርት ዓይነቶቹም ሩቅ አይደሉም፤ ዕፀዋት፣ ከዋክብት፣ መድኃኒት፣ የመናፍስት ስም፣ ሁሉም ይገኛሉ። እንግዳው ፈተናው ነው። አስማት በሕዝብ ፊት የተፈተነበት፣ «ይህ ሰው ዐውቋል» ተብሎ የተመሰከረበት ጉባኤ በእኛ ዘንድ አልነበረም። በአንጻሩ በዚያው ቅጥር ግቢ፣ በዚያው ቋንቋ፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ሰው አእምሮ ውስጥ የነበረው ሌላው ዕውቀት፣ ማለትም ንባቡ፣ ዜማው፣ ቅኔውና ትርጓሜው፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በፈተና የታጠረ ነበር። ሁለቱን የለያቸው ምን እንደ ሆነና መለያየታቸው ምን እንዳሳጣን ላስረዳ እሞክራለሁ።

ሾኔ ላይ ቆሞ ስለ ጋይንትና ስለ ጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች መናገር ረጅም መንገድ እንደ መሄድ ነው። ከአድማጮቼ ብዙዎቹ ያደጉት በወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ወይም በመስጊድ ጥላ ሥር መሆኑን ዐውቃለሁ። ስለዚህ ቃላቱን እየፈታሁ እሄዳለሁ፤ የሚያውቋቸው ይታገሡኝ።

የአብነት ትምህርት የሚጀምረው በንባብ ቤት ነው። ሕፃኑ ፊደልን በተራ ይቆጥራል፣ ከዚያ አቡጊዳን፣ ከዚያም ፊደለ ሐዋርያ የሚባለውን፣ ይኸውም የዮሐንስን መልእክት ንባብ ይቀጥላል። ማንበብ ማለት ድምፅ ማውጣት ብቻ አይደለም። ቃሉ ተነሽ ነው ወይስ ወዳቂ፣ ሰያፍ ነው ወይስ ተጣይ? ይህን የሳተ ልጅ በመምህሩ አለንጋ ወይም በጓደኞቹ ሳቅ ይታረማል። የንባብ ቤት ማብቂያ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ 150ውን መዝሙር አንብቦ የጨረሰ ልጅ «ዳዊት ደገመ» ይባላል፣ ወላጆቹም ዐቅማቸው በፈቀደ መጠን ድግስ ይደግሳሉ። የመጀመሪያው ምረቃ ይህ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚሁ ጎን ለጎን የቃል ትምህርት የሚባለው አለ። ሲመሽ፣ መብራት በሌለበት፣ ተማሪው መጽሐፍ ሳያይ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ጸሎቱን በቃሉ ይይዛል። በአብነት ትምህርት ቤት ጨለማም የትምህርት መሣሪያ ነበር ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ሌላው ጨለማ ስንደርስ ልዩነቱ ይታያል።

ከንባብ ቤት በኋላ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቹ ይርቃል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእመቤታችን ስም እየለመነ፣ ከውሻ እየተጣላ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ይሆናል። ከፊቱ ያሉት ቤቶች ሦስት ናቸው። በዜማ ቤት በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራውን ዜማ፣ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን፣ ቅዳሴንና አቋቋምን ይማራል። በቅኔ ቤት የግዕዝን ሰዋስውና የቅኔን ድርሰት ይማራል። በመጽሐፍ ቤት ደግሞ የብሉይን፣ የሐዲስን፣ የሊቃውንትንና የመነኮሳትን መጻሕፍት ከነትርጓሜያቸው ያጠናል፤ አራቱን ጉባኤ የፈጸመ «አራት ዐይና» ይባላል። ሁሉን እፈጽማለሁ ያለ ሰው ከ20 ዓመት በላይ በተማሪነት ሊቆይ ይችላል። ሥርዓቱን በዝርዝር ለማወቅ የሚሻ አለቃ እምባቆም ቃለወልድ ያዘጋጁትንና እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝኛ የታተመውን ትንሽ መጽሐፍ ቢያነብ ይጠቀማል።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። የአብነት ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ «ፈተና አለፈ» አይባልም፤ «አስመሰከረ» ነው የሚባለው። ፈታኙ መምህር «ምስክር» ነው፣ ማዕከሉም «የምስክር ቤት» ነው። ቃሉን ሁላችሁም ከፍርድ ቤት ታውቁታላችሁ። ያየውንና የሰማውን በዳኛ ፊት የሚናገር ሰው ምስክር ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ይህን የችሎት ቃል ለዕውቀት ማረጋገጫነት መውሰዱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ተማሪው ማወቁን ለራሱ አይናገርም፤ ሌላ ሰው ነው የሚናገርለት፣ የሚናገርለትም ሰው በስሙ ይጠየቅበታል።

የድጓ ምስክር በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም ናት። ተማሪው ድጓን የትም ይማር የት፣ መምህር ለመሆን ከፈለገ ወደዚያ መሄድ አለበት። ብዙዎች ይዘውት የሚሄዱት በገዛ እጃቸው በብራና የጻፉትን ድጓ ነው። ያን መጽሐፍ ከቤተልሔሙ ጋር እያመሳከረ፣ ቃሉንና ምልክቱን እያረመ፣ በምስክሩ ፊት ያዜመዋል። በፊደላቱ አናት ላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጁ ይነገራል፤ አንዲቱ ምልክት ብትሳት ዜማው ይፋለሳል። ለዝማሬና መዋሥዕት ምስክሩ ዙር አምባ ነው፤ ለአቋቋም ጎንደር የታወቀች ናት፤ ለቅኔም ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የገነነ ነው። ዛሬ «የጥራት ማረጋገጫ ማዕከል» እያልን ብዙ ወረቀት የምናባክንለት ነገር በእግር መንገድና በአንድ አረጋዊ ጆሮ ይከናወን ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስደንቀኝ የቅኔው ፈተና ነው። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ሦስት ቤት ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ፣ ወደ አምስት ቤት ዋዜማ፣ ወደ ስድስት ቤት ሥላሴ እያለ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥላ ተቀምጦ ብቻውን ያወጣል፣ ያወርዳል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል። መምህሩ ግሡን ያርማል፣ ቤቱን ይመታል፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ይጥለዋል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አያገለግልም። ለእያንዳንዱ በዓል አዲስ ቅኔ ይፈለጋል፤ አንድ ጊዜ የተባለውን ደግሞ የሚያመጣ ይዋረዳል። በማኅሌት መካከል ቆሞ ሲቀኝ ጉባኤው ይሰማዋል፤ ያማረ እንደ ሆነ «ይበል!» ይላል፣ የተበላሸ እንደ ሆነ ዝም ይላል፤ ዝምታው ከአለንጋ ይብሳል።

እንዲህ ያለውን ፈተና ማን ሊሰርቀው ይችላል? ጥያቄው አስቀድሞ የታወቀ ነው። «ድጓን አዚምልኝ፤ አዲስ መወድስ ተቀኝልኝ» ነው የሚለው። ምስጢር የለውም፤ ስለዚህ የሚወጣ ምስጢር የለም። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ወር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ መገናኛ በመሠራጨቱ ተቋርጦ ከሳምንታት በኋላ እንደገና መሰጠቱን ታስታውሳላችሁ። የእኛ ዘመን ፈተና ጉልበቱን ያኖረው ጥያቄውን በመደበቅ ላይ ነው፤ ያ ሲገለጥ ፈተናው ባዶ ይሆናል። የአብነቱ ግን ጥያቄውን ለሁሉ ገልጦ፣ መልሱን በተማሪው አካል፣ በጉሮሮውና በአእምሮው ውስጥ ይፈልጋል። የአብነት ትምህርት ቤት ነቀፋ የለበትም አልልም። ሴቶችን በአመዛኙ ከደጅ አስቀርቷል፤ ብዙ ልጆችን በረኃብና በበሽታ አጥቷል፤ ከመምህሩ የተለየ አሳብ የሚያነሣ ተማሪንም ሁልጊዜ አላከበረም። የምናገረው ስለ ምዘናው ብቻ ነው።

በዚያ ቅጥር ግቢ ያለው ሌላው ትምህርት መርሐ ግብር የለውም፣ ጉባኤም የለውም። ተማሪዎች ይሰሙታል እንጂ አይታወጅም። ዜማና ቅኔ ያወቀ፣ ነገር ግን ክህነት ያልተቀበለ ደብተራ፣ በጓዳው ጠልሰም ይሥላል፣ አስማት ይጽፋል፣ ሥር ይምሳል። መጻሕፍቱን በስማቸው እናውቃቸዋለን። መናፍስትን በሰሎሞን ስም ያጠምዳል የሚባለው መርበብተ ሰሎሞን አለ፤ የድግምት መፍቻው መፍትሔ ሥራይ አለ፤ ከሙታን ጋር የሚቀበረው ልፋፈ ጽድቅ አለ፤ በስም ፊደል ስሌት ዕድል የሚነግረው ዐውደ ነገሥት አለ፤ ዕፀዋትን ከነጥቅማቸው የሚዘረዝረው ዕፀ ደብዳቤ አለ። እነዚህን ከሆግዋርትስ የትምህርት ዝርዝር ጎን ብታስቀምጧቸው ልዩነታቸው ጥቂት ነው።

ክታቡ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። የበግ ወይም የፍየል ብራና በቀጭኑ ይቆረጥና ይሰፋል፤ ርዝመቱ በታማሚው ቁመት ልክ እንዲሆን ይደረጋል፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ነው። ጸሎቱ በግዕዝ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ ቅዱሳት ስሞችና የታማሚዋ የክርስትና ስም በቀይ ይገባሉ። ታማሚዋ ወላድ ሴት ከሆነች ሕፃናትን የምትገድለው የወርዝልያና እርሷን ያሳደዳት የሱስንዮስ ታሪክ አይቀርም። በመካከል ትላልቅ ዐይኖች፣ ሰይፍ የያዙ መላእክት፣ ባለ ብዙ ጫፍ ኮከብ ይሣላሉ። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና በአንገት ይንጠለጠላል። ባለቤቷ አታነበውም፤ ብትገልጠውም ግዕዙን አታውቀውም። ጽሑፉ ትክክል መሆኑን፣ ደብተራው ከሌላ መጽሐፍ አሳስቶ መቅዳት አለመቅዳቱን የሚያይ ሦስተኛ ሰው የለም። በሽታው ቢብስ ምክንያት አይታጣም፤ ለሰው ነግረሽ ይሆናል፣ ውኃ ነክቶት ይሆናል፣ ኮከብሽ ዞሮ ይሆናል ይባላል። ድጓውን ያሳሳተ ደብተራ በማግሥቱ ከማኅሌት ይባረራል፤ ክታቡን ያሳሳተው ያው ደብተራ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ሊቅ ሆኖ ሊኖር ይችላል።

የሚማረውስ እንዴት ነው? በግዢ፣ በልዋጭ፣ በማገልገል፣ ከአባት ወደ ልጅ። ባለ ዕውቀቱ የመድኃኒቱን ስም ነግሮ አንዱን ቅመም፣ የአስማቱን ቃል ነግሮ አንዱን ስም ያስቀራል እየተባለ ይወራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስለ ጎንደር አካባቢ አስማታዊ ሕክምና የጻፈው አለን ያንግ ይህን አሠራር እንደ ከፊል ሙያ ቆጥሮ አጥንቶታል፤ ሙያ የሚያስመስለው ብዙ ነገር ቢኖረውም የሙያ ማኅበርና የጋራ መመዘኛ የለውም። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጕሞ በፓሪስ አሳተመ፤ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትረልሲንም የድግምት መፍቻ ጸሎቶችን፣ በኋላም የመድኃኒት መጻሕፍትን አጥንቶ አወጣ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። ይህ ዕውቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በብዙ ዐይን ፊት የተገለጠው በባሕር ማዶ፣ በባዕድ ቋንቋ ነበር። ለእኛ ተማሪዎች ክፍት የሆነበት ጉባኤ ግን አልነበረም።

በአደባባዩ ትምህርት ውስጥም አቋራጭ ፍለጋ ነበር። አብሾ የሚባለውን ታሪክ ከቆሎ ተማሪዎች አፍ ያልሰማ ጥቂት ነው፤ የጠጣው ሰው የሰማውን ሁሉ አይረሳም ይባላል፣ ብዙዎች ግን አብደው ቀርተዋል ይባላል። በአዳራሹ ያላችሁ ተማሪዎች ስቃችኋል፤ የእናንተ ዘመን አብሾ በስልክ የሚመጣ መሆኑን ዐውቃችሁ ነው።

ፈተና የሌለበት ዕውቀት ምን እንደሚገጥመው ለማየት ወደ 15ኛው መቶ ዓመት ልመልሳችሁ፤ በዚያውም ወደዚህ ምድር እንቀርባለን። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነገሠ። መጽሐፈ ብርሃንን በመሳሰሉ ድርሳናቱ ጠንቋይን፣ አስማተኛን፣ ሟርተኛን አውግዟል። ደስክና ዲኖ የተባሉትን መናፍስት መካዳቸውን ሕዝቡ እንዲያሳውቁ፣ በግንባራቸው የሥላሴን ስም፣ በእጃቸው ሰይጣንን መካዳቸውን የሚያሳይ ጽሑፍ እንዲያደርጉ አዘዘ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ ሳይቀሩ በዚህ ክስ ተቀጡ፤ ከእነርሱም የሞቱ ነበሩ።

ንጉሡን ጨካኝ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ለታሪክ ተማሪ ግን የሚበልጠው ጥያቄ «አስማተኛው ማን እንደ ሆነ በምን ይታወቅ ነበር?» የሚለው ነው። ድጓ የሚያውቀው ማን እንደ ሆነ በምስክር ቤት ይታወቃል። አስማት የሚያውቀው ግን አስመስክሮ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚታወቀው በክስ ብቻ ነው። ያው «ምስክር» የሚለው ቃል ለአንዱ ትምህርት ማዕርግ ሲሆን ለሌላው ገመድ ሆነ። የሚያውቀውም የማያውቀውም፣ ሥር ምሶ ሕፃን የሚያድነውም መርዝ የሚቀምመውም፣ በአንድ ስም ተጠርተው በአንድ ችሎት ቆሙ። ጎረቤቱን የሚጠላ ሰው ከሳሽ ለመሆን ምንም ትምህርት አላስፈለገውም።

በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ የሐዲያ ልጅ ነበረች። ንግሥት እሌኒ የሐዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ናት፤ የዚያን ጊዜው ሐዲያ ከዛሬው ዞን የሰፋ መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ከእስልምና ወጥታ፣ በጋብቻ ገብታ፣ ከዘርዐ ያዕቆብ ሞት በኋላ ለአምስት አሥርተ ዓመታት ያህል በመንግሥቱ ጉዳይ ቃሏ የሚሰማ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1509 ገደማ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከችው እርሷ ናት። በዘመኗ የነበሩ ፖርቱጋሎች መንፈሳውያን መጻሕፍትን እንደ ደረሰች ጽፈዋል። እንደ እርሷ በሌላ ሃይማኖት ያደገች የሩቅ አገር ሴት አስማተኛን በሚያሳድድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ለሐሜት ምን ያህል ቅርብ እንደ ነበረች መገመት አያስቸግርም። ያኖራት ምንድን ነው? ብልኀቷና ማዕርጓ ዋና ምክንያት ናቸው። እኔ ግን ድርሰቶቿንም ከቁጥር አገባቸዋለሁ። በግዕዝ የደረሰ ሰው ዕውቀቱን ሊቃውንት ፊት አውጥቶ አስቀምጧል ማለት ነው፤ ማንም አንብቦ ይመሰክርለታል ወይም ይነቅፍበታል።

ከእሌኒ ወዲህ ባለው ረጅም ጊዜ በሐዲያና በከምባታ ምድር ያለው የሀገር ዕውቀት በአመዛኙ የቆየው ያለ መጽሐፍ ነው። ፋንዳኖ የሚባለው የሐዲያ ነባር እምነት ጾምና ጸሎት፣ የዝናብ ልመናና የራሱ አዋቂዎች ነበሩት፤ ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ሥርዓቱ ሊጠፋ በተቃረበበት ጊዜ መዝግቦታል። አጥንት የሚጠግነው ወጌሻ፣ ለስብራት የሚሰጠውን የእንሰት ዓይነት ለይታ የምታውቅ እናት፣ ለከብት ሕመም ቅጠል የሚቀጠቅጠው ሽማግሌ፣ እነዚህ ሁሉ ያሉት በመካከላችን ነው፤ በዚህ አዳራሽም ሳይኖሩ አይቀሩም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች መካከል ሐዲይኛና ከምባትኛ ነበሩ። ጎልማሶች በገዛ ቋንቋቸው በግዕዝ ፊደል ማንበብ ተምረው፣ ተፈትነው፣ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ለብዙ እናቶችና አባቶች በሕይወታቸው የመጀመሪያው «ምስክር» ያ ወረቀት ነበር። የተማሩት ግን ፊደል፣ ቁጥርና የጤና አጠባበቅ ነው። ያችው እናት ስለ እንሰቱ የምታውቀውን የጠየቃት ፈተና አልነበረም።

አንድ የተፈተነ ዕውቀት ልጥቀስ። እንዶድን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሳሙና ሳይመጣ እናቶቻችን ነጠላ የሚያጥቡበት ፍሬ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያን ተሐዋሲ የሚሸከመው ቀንድ አውጣ ነው። አጣቢዎቹ ያውቁት የነበረውን ነገር ወስደው በቤተ ሙከራ ፈተኑት። ዓለም አቀፍ ተቋማት ግኝቱን እስኪቀበሉ ረጅም ዓመታት ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ያለው በደብተራው የዕፀዋት መጽሐፍ ጓዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ውጤቱ ለቅጠሉ ይሁን ለድግምቱ፣ ለዕለቱ ኮከብ ይሁን ለውኃው መለየት የሚችል አይኖርም ነበር።

ይህን የምለው «ምስጢራችሁን ሁሉ አውጡ» ለማለት አይደለም፤ ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ንግግሬ በዚህ ባበቃ። በዚያው በእንዶድ ላይ፣ የውኃ ቱቦ የሚደፍን የዛጎል ፍጥረትን ለመግደል እንዲውል በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተመዝግቧል። ልብስ ያጥቡ ለነበሩት ሴቶች የመዘገበላቸው የለም። እንግዲህ ሥር የሚምሰው ሽማግሌ «ብናገር ይወስዱብኛል» ቢል ስግብግብ ልንለው እንችላለን? ምስጢሩ መብቱን የሚያስጠብቅበት ብቸኛ ፓተንት ነው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለውና ያለ ፈቃዱ ሌላ እንዳይወስደው ይደነግጋል። አዋጁ ከወጣ ሁለት አሥርተ ዓመታት ገደማ ሆኖታል፤ በየወረዳው ምን ያህል ሰው አንብቦታል የሚለውን ለእናንተ ልተወው።

ስለ ዛሬው ፈተናችን ጥቂት ልበል። ከስርቆት ለመጠበቅ ተብሎ የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎችን በየዩኒቨርሲቲው በማስገባት ተሰጠ። ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ቁጥሩን የሰማ ሁሉ ተማሪውን፣ መምህሩን ወይም መንግሥትን ወቀሰ። እኔ በበኩሌ የቤተልሔሙን አረጋዊ አሰብሁ። እርሱ አንድን ተማሪ ሲጥል ተማሪው ተመልሶ እዚያው ይቀመጥና የሳተውን ምልክት ያቀናል፤ ወር ይሁን ዓመት ይሁን እስኪያቀና ድረስ ከጉባኤው አይወጣም። ፈታኙና አራሚው አንድ ሰው ነው። የእኛ ፈታኝ ግን ወረቀቱን የሚያርም መሣሪያ ነው፤ ለወደቀው ልጅ ውጤቱን እንጂ የሳተበትን ቦታ አይነግረውም። የማካካሻ ትምህርት መርሐ ግብር መጀመሩ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተደረገ ጥረት ነው፤ በአግባቡ ከተሠራበት ወደ ቀደመው ምስክር ቤት አንድ እርምጃ ይመስለኛል።

በታሪክ ትምህርት ክፍል ለምትመረቁ ልጆቼ አንድ ሥራ አለኝ። በሚቀጥለው መንፈቅ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትመርጡ፣ ከባደዋቾ እስከ ሌሞ፣ ከሾኔ እስከ ዱራሜ፣ አንድ ወጌሻ ወይም አንዲት የእንሰት ዐዋቂ እናት ፈልጉ። «መድኃኒቱ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ከማን ተማሩት? ስንት ዓመት ፈጀ? ማወቅዎን መጀመሪያ ያረጋገጠልዎ ማን ነው? የሳቱ ጊዜ ማን አረመዎ? ለማን ያስተምራሉ፣ ለማንስ አያስተምሩም፣ ለምን? ይህን ሁሉ ስትጠይቁ የቅጠሉን ስም ሊነግሯችሁ ካልፈለጉ አትጫኑ፤ አዋጁን አንብቡላቸው፣ በጽሑፋችሁ ላይ ስማቸው እንዲወጣ ይፈልጉ እንደ ሆነም ጠይቁ። የመመዘኛ ኮሚቴውም ከመምህራኑ በተጨማሪ አንድ ሽማግሌ እንዲቀመጥበት ለትምህርት ክፍሉ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ሽማግሌው ነጥብ አይሰጥም፤ ተማሪው በትክክል ሰምቶ በትክክል መጻፉን ይመሰክራል።

ጊዜው ስለ ሄደ ጥያቄ እንቀበል። ከኋላ እጅ ያነሡት አባታችን ቀድመው አንሥተዋል፤ ማይክሮፎኑን ያድርሱላቸው።